አራት ሚዜ፣ አንድ ልክ

የመጀመሪያዋ ሚዜ ቀሚሷን ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ስትል ሳቃችንን መቆጣጠር አቅቶን ነበር። ወገቡ ላይ የተረፈውን ሳቲን በሁለት እጇ ሰብስባ "ይሄ የኔ ነው ወይስ የድንኳኑ?" አለች። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ሁለተኛዋ ስትወጣ ግን የሳቀ የለም። ሦስተኛዋ ጭራሽ አልወጣችም፤ እዚያው ከመጋረጃው ውስጥ ሆና "እዚህ ውስጥ ሁለት ሰው ይገባል እኮ!" ብላ ጮኸች። አራተኛዋ ከሁሉም ወፈር የምትል ልጅ ነበረች። የእሷ ቀሚስ እንደ ገላዋ ልክክ ብሎላት፣ ጓደኞቿ ዞረው ሲያዩዋት የምትገባበት ጠፋት። ሙሽራዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። ሠርጉ በሳምንቱ ነበር።

አክስቴ መጀመሪያ እኔን አየች። ቀጥላ ቆራጩን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ወሰደችው፤ እሱን ግን ቶሎ ተወችው።

የአክስቴ ስፌት ቤት መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ ሥሩ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነበር። ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ባሉት ዓመታት የሆነ ነው የምነግራችሁ። ያኔ ለሠርግ የሚሰፋ ሁሉ፣ ቬሎም የሚዜ ቀሚስም የእናት ልብስም፣ በአክስቴ እጅ ያልፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የምታወራው። እኔ ከአንድ የግል ኮሌጅ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ወጥቼ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ደክሞኝ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ቀን አክስቴ እናቴ ዘንድ መጥታ "ልጅቷ ግድግዳ ስታይ ከምትውል እኔ ጋ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጥ" አለች። እንዲህ ሆኖ ነው የገባሁት።

ኮምፒውተሩን ያስገባው የአክስቴ ልጅ ነው። በዲግሪ ተመርቆ አንድ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ይጽፍ ነበርና፣ ለእናቱ ሥራ የሚሆን ፕሮግራም በእረፍት ቀኖቹ ሠራላት። ከዚያ በፊት ነገሩ ቀላል ነበር፤ አክስቴ በሜትር ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ቆራጩ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ወረቀቷን በስፒል ጨርቁ ላይ ይሰኳታል። ልጇ ይህን "ኋላ ቀር" አለው። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ስትናገር እኔ እጽፋለሁ። ጨርቁ የሚቆረጥበት ቀን ሲደርስ ልኩን አትሜ ለቆራጩ እሰጣለሁ። የወረቀቷና የስፒሏ ነገር ቀረ።

ቆራጩን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የስልጤ ሰው ናቸው። የአክስቴ ባል በሕይወት ሳለ ሥራውን አብረው የጀመሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ አክስቴ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ወንድም ነበር የምታያቸው። ጠዋት ቤቱን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ቁልፍ ከአክስቴ ሌላ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። ዝምተኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ የገባ ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "እንግዲህ እሱ ይቁረጥልን።"

ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት በኋላ ስትመነዘር የከረመችው።

ያን ቀን ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ከሄዱ በኋላ አክስቴ የታተመውን ወረቀት አምጪው አለችኝ። አየነው። አራቱም ሚዜዎች አንድ ዓይነት ደረት፣ አንድ ዓይነት ወገብ፣ አንድ ዓይነት ዳሌ አላቸው። ሁሉም የአራተኛዋ ልክ ነው።

"እኔ ወረቀቱ ያለኝን ነው የቆረጥኩት" አሉ ጋሼ።

"እኔም እትዬ ያለችኝን ነው የጻፍኩት" አልኩ።

አክስቴ ራሷ ምስክሬ ነበረች። እሷ ቁጥር ስትጠራ እኔ ደግሜ እጠራለሁ፤ ልማዳችን ነው። የእያንዳንዷን ስጽፍ ስክሪኑ ላይ በትክክል መስፈሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ከጻፍኩት በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ቀይሮታል።

የዚያን ጊዜ ደግነቱ ቀሚሶቹ ሰፍተው እንጂ ጠበው አልነበረም። ሰፊዎቹ በሙሉ ሌላ ሥራ አቁመው ሲያጠቡ ሰነበቱ፤ ሠርጉ ደረሰ። አክስቴ ግን ነገሩን አልተወችውም። ሲመሽ ወደ ቤት አብረን ስንሄድ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጋሼ እስከ ዛሬ ሲቆርጡ ተሳስተው ያውቃሉ?" አለችኝ።

"እኔ ከመጣሁ አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። ታዲያ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ምን ነካቸው? ያን ቀን 'እሱ ይቁረጥልን' ያሉትስ?"

"ኮምፒውተር አያውቁም እኮ እትዬ።"

"ፊደል የቆጠረ ሰው ቁልፍ መጫን ያቅተዋል?"

እውነቱን ለመናገር መልስ ለመፈለግም አልተጨነቅኩም። ጥርጣሬው ወደ እሳቸው ሲዞር ከእኔ ትከሻ ላይ ሸክም እንደወረደ ነው የተሰማኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ወደ ካውያው ጠረጴዛ ለመሄድ በኮምፒውተሩ አጠገብ ማለፍ አለባቸው። ድሮም የሚያልፉበት መንገድ ነው፤ እኔ ግን እንደ አዲስ አየሁት። ጠዋት ማንም ሳይገባ ብቻቸውን ናቸው። ይሄም ድሮ ያለ ነው። አርብ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ፊታቸው ለምን ፈካ? ትናንት ሁለቱ ሰፊዎች ምን ሲያወሩ ነበር እኔ ስገባ ዝም ያሉት? ሰውን አንዴ ከጠረጠሩት መራመዱም ማስረጃ ይሆናል።

ማታ ኮምፒውተሩን የአቧራ ልብሱን በልዩ አስተጣጠፍ ማልበስ ጀመርኩ። የግራውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ የቀኙን እተወዋለሁ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሁልጊዜ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። ይሄም አላረጋጋኝም፤ "አስተጣጠፌን አውቀውበታል" አልኩ።

አክስቴ ደግሞ በኮሪደሩ ማዶ ያለውን ስፌት ቤት ትጠረጥር ነበር። ባለቤቷ ድሮ እሷ ዘንድ የሠራች ሴት ናት። "ሚዜ መስለው የሚመጡት ሁሉ ሚዜ አይደሉም" ትላለች። አንዷ ደንበኛ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ስትል "ምን ፈለግሽ የኔ እመቤት?" ብላ በፈገግታ ትመልሳታለች፤ ዞር ስትል ፈገግታው የለም። ልጇን ጠርታም ፕሮግራሙ ላይ የይለፍ ቃል አስደረገች። ቃሉን የምናውቀው እኔና ልጇ ብቻ ሆንን። ልጁ ያን ዕለት አንድ ደንበኛ መዝግቦ፣ ልኳን ቀይሮ፣ መልሶ ከፍቶ አሳየን። ምንም ስህተት የለም። "ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ ሰዉን እዩ" ብሎ ሄደ።

ሰዉን አየን።

የይለፍ ቃሉ ከተደረገ ብዙም ሳይቆይ የአንድ ቤት እህትማማቾች ለታላቃቸው ሠርግ ሊያሰፉ መጡ። የመጨረሻዋ ገና ለጋ ልጅ ናት፣ ቀጫጫ። አክስቴ ለካች፣ እኔ ጻፍኩ፣ ደገምኩላት። ጋሼ ቆረጡ። ለብሰው ሊሞክሩ ሲመጡ የትልልቆቹ ቀሚስ ከትከሻቸው ወደ ታች አልወርድ አለ። ሁሉም በትንሿ እህታቸው ልክ ተቆርጧል። የሰፋ ልብስ ይጠባል፤ የጠበበን ግን ምን ያደርጉታል? ጨርቁ ተበላሸ። እናትየዋ ያንን ቀለም ፍለጋ መርካቶን በሙሉ ስታስስ ከርማ ያገኘችው ነበርና፣ አክስቴን የተናገረቻት እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ አክስቴ ሰፊዎቹን ለምሳ ውጡ አለቻቸው። ጋሼም ወጡ። እኔና እሷ ብቻ ቀረን።

"የይለፍ ቃሉን ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"ለጋሼስ?"

"ለማንም አልኩ እኮ እትዬ።"

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና በጣቷ ላይ ትጠመጥም ጀመር። "ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ነሽ። እውነቱን ብትነግሪኝ አልቆጣሽም። ማን ነው የላከሽ? ማዶ ያሉት ናቸው?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠርጣሪ ነበርኩ፤ ተጠርጣሪ ምን እንደሚሰማው አላውቅም ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ፊቴ ሲግል ደግሞ ጥፋተኛ እንደምመስል ገባኝ፤ ይሄን ሳስብ ይበልጥ ጋለ። ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ቃል ነው፤ አንደኛው ልጇ ነው። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እኔን እጠረጥር ነበር።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ጋሼ ቆመዋል፤ ምሳ አልሄዱም።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ። "ምን በደልኩሽ?"

"ምንም ጋሼ።"

"ታዲያ ኮምፒውተሩን ስታለብሺ ለምን እኔን እያየሽ ታለብሺዋለሽ?"

መሬት መሬት አየሁ።

"እኔን ለማስወጣት ነው አይደል ይሄ ሁሉ? ወረቀቱን እያበላሸሽ እኔ እንድቆርጥ የምታደርጊው? ንገሪኝና በክብሬ ልውጣ። እሷም ካዘዘችሽ አልቀየማትም፤ ጊዜው ነው እላለሁ።"

"ጋሼ እኔ እርስዎ መስለውኝ ነበር" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

"ወላሂ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔ ያን ዕቃ አቧራውን እንኳ ነክቼ አላውቅም።" ብለውኝ ወደ ታች ወረዱ። ደረጃውን ሲወርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ እርጅናቸውን አየሁ። አመንኳቸው። ካመንኳቸው ደግሞ፣ እኔም ካልቀየርኩት፣ ሰው አልቀረም ማለት ነው።

እሑድ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለትና መጥቶ እንዲያየው ለመንኩት። "አሳየኋችሁ እኮ" አለ። "ለአንድ ሰው ነው ያሳየኸን" አልኩት። "የተበላሸው ሁለት ጊዜም በቡድን ለመጡት ነው። ብቻዋን የመጣች ደንበኛ ልክ ተበላሽቶ አያውቅም።" ይህን እስክናገር ድረስ ለራሴም እንዲህ አጥርቼ አላሰብኩትም ነበር።

እናቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች ከኋላችን ቆማለች። ቤቱ ባዶ ነው። እሑድ በመሆኑ ታች ያለው የጅምላ ሱቅም ተዘግቷል። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሚዜ መዘገበ፤ ጨርቁን፣ ቀለሙን፣ ሞዴሉን፣ ቀጠሮውን፣ ልኩን። ከዚያ ለሁለተኛዋ "እንደ ፊተኛዋ" የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ይህን ቁልፍ ከአራቱ ሚዜዎች ጥቂት ቀደም ብሎ የሠራልኝ እሱ ነው፤ ሚዜዎች ሁሉ ነገራቸው ስለሚመሳሰል አንድ ነገር ደጋግሜ እንዳልጽፍ። ቁልፉን ስጫን የፊተኛዋ መረጃ ሁሉ ይመጣል፤ እኔ ስሟንና የሚለየውን ልክ ብቻ እቀይራለሁ። እሱም እንደዚያው አደረገ፤ ወገቧን አሰፋው።

"አሁን የፊተኛዋን ክፈታት" አልኩት።

ከፈታት። ወገቧ ሰፍቷል።

ማንም አልነካትም። ሦስታችንም እዚያው ቆመን ነበር። አክስቴ አማተበች።

እሱ መልሶ አጠበበው፤ ሁለተኛዋን ከፈተ፤ ጠብባለች። ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም፣ የሐዘንም አይደለም። "ሁለት አይደሉም" አለ። "አንድ ናት።"

"ማን ናት አንድ?" አለች እናቱ።

ሊያስረዳት ሞከረ። ዛሬ ሥራዬ ስለሆነ እኔ በራሴ አነጋገር ላስረዳው። በጃቫና በመሳሰሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ስንጽፍ የአንድ ነገር መረጃ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ዕቃ እንሠራለን፤ ኦብጀክት ይባላል። እኛ የምንሰጠው ስም ውስጥ ግን ዕቃው ራሱ አይገባም። ስሙ ዕቃው ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ብቻ ነው። "ይቺም እንደዚያችው ትሁን" ብለን ስናዝ፣ ማሽኑ ሁለተኛ ዕቃ አይሠራም፤ ያንኑ ዕቃ ሁለተኛ ስም ይሰጠዋል። በአንደኛው ስም ገብቶ የቀየረ ሰው በሌላኛውም ስም ያለውን ቀየረ ማለት ነው። አራት ሚዜ መዘገብኩ ስል አራት ስም ነው የመዘገብኩት። ልኩ ግን አንድ ነበር፤ በመጨረሻ የጻፍኩትን ነው ለሁሉም የሚያወርሰው።

ለአክስቴ ያስረዳት ልጇ እንዲህ ብሎ ነበር፦ "እኔ እማዬ እልሻለሁ፣ እሷ እትዬ ትልሻለች፣ ደንበኛ ማዳም ይልሻል። አንቺን ጉንፋን ቢይዝሽ እማዬም፣ እትዬም፣ ማዳምም ያስላቸዋል።"

"እና ያ ሁሉ ልብስ በዚህ ነው የተበላሸው?"

"በዚህ ነው።"

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔን አላየችኝም።

እዚያው ኮዱን አስተካከለው፤ ቁልፉ ሲነካ አዲስ ዕቃ ተሠርቶ የፊተኛዋ ልክ እየተገለበጠ እንዲገባ አደረገ። ሞከርን። የአንዷ ሲቀየር የሌላዋ ቦታዋ ላይ ቀረ። ሰኞ ጠዋት አክስቴ ጋሼን "ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ልጁ አክሞታል" አለቻቸው። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣትም፤ ግን ያን ቀን ምሳቸውን ራሷ አስመጣችላቸው። ጋሼ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለእኔ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔም የኮምፒውተሩን ልብስ እንደ ድሮው ዝም ብዬ አለበስኩት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌሎች ሚዜዎች መጡ። ደረታቸው ልክ ነው፣ ወገባቸው ልክ ነው፣ ዳሌያቸው ልክ ነው። እጅጌው ግን የሁሉም አንድ ነው። የረጅሟ ልጅ እጅጌ ከእጇ አንጓ ብዙ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ የአጭሯ ጣቷን ውጦታል።

ይሄኛው ከፊተኞቹ ሁሉ የባሰ ነበር። ማሽኑ ታክሟል፤ ተሞክሯል፤ ሁላችንም አይተናል። ደረቱና ወገቡ በትክክል መምጣቱ ራሱ ማሽኑ ለመዳኑ ምስክር ሆነ። እጅጌ ብቻ የሚያበላሽ ማሽን ምን ዓይነት ማሽን ነው? እጅጌ ብቻ የሚያበላሽ ሰው ግን ሊኖር ይችላል።

አክስቴ "ጋሼ" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ የጠራችበት ድምፅ ግን በቂ ነበር።

ጋሼ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ መልሰው አነሱት፤ በቁራጭ ገበር ጠቀለሉትና በኮታቸው ኪስ ከተቱት። የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "እህቴ፣ ደህና ሁኚ" አሉ። "ባልሽ አንድም ቀን በዚህ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም።" ወጡ። ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በሩን ያያሉ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም።

እኔ በዚያ ሰሞን የአክስቴን ልጅ መጽሐፍ ተውሼ ኮዱን ጎን ለጎን እያየሁ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ኮሌጅ የተማርኩት ትየባና ማተም ነው ቢባል ይቀላል፤ ፕሮግራም ግን በእውነት ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። የጀመርኩትም ለእውቀት ብዬ አይደለም፤ ከእንግዲህ ማንም ስለ እኔ የሚለውን ሰምቼ እንዳልቀመጥ ነው። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሳነብ ያልጠረጠርኩት መስመር አልነበረም። እጅጌው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደረት፣ ወገብና ዳሌ በልኩ ዕቃ ውስጥ በቀጥታ የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። እጅጌ ግን ርዝመት አለው፣ ክንድ አለው፣ የእጅ አንጓ አለው፤ የአክስቴ ልጅ እነዚህን ለብቻቸው ሰብስቦ በትንሽ ዕቃ አድርጎ፣ ትንሹን ዕቃ ትልቁ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ትልቁ ሲገለበጥ ቁጥሮቹ ተገለበጡ። የትንሹ ዕቃ ግን የተገለበጠው ስሙ ብቻ ነው። የሁሉም ሚዜ እጅጌ አሁንም አንድ ነበር።

ስደውልለት ሥራ ላይ ነበር። ነገርኩት። "መጣሁ" አለ፤ በምሳ ሰዓቱ ላቡ እየወረደ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ እሱም ደንግጦ ነበርና ሁሉንም ነገር ለየብቻ ሊያደርገው ተነሳ። ልኩን፣ እጅጌውን፣ ቀጠሮውን፣ ሞዴሉን፣ ሁሉን።

"ሞዴሉን ተወው" አልኩት።

"ለምን? እሱም የጋራ ነው፤ ነገ ደግሞ እሱ ያጣላችኋል።"

"ሙሽራዋ አንገቱ ክብ ይሁንልኝ ብላ ሐሳቧን ብትቀይር የአራቱም መቀየር አለበት። ለየብቻ ካደረግከው አንዷን ብቻ ቀይሬ ሦስቱን እረሳለሁ። ሞዴሉ የጋራቸው ነው። ገላቸው ግን የየራሳቸው ነው።"

አሰበበትና "ልክ ነሽ" አለ። ሞዴሉ የጋራ እንደሆነ ቀረ። ልኩን ደግሞ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማንም ውስጡ ገብቶ እንዳይቀይረው አደረገው፤ መቀየር ያስፈለገ እንደሆነ አሮጌው ተትቶ አዲስ ይጻፋል። በአንዱ ስም የገባ ሰው የሌላውን እንዳያበላሽ ከዚህ የተሻለ መንገድ ዛሬም አላውቅም።

አክስቴ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ሲጨርስ "እሳቸው ቤት እንሂድ" አለችኝ።

የጋሼ ቤት ከአማኑኤል ወረድ ብሎ ነው። ባለቤታቸው በር ከፈተችልን፤ ሻይ ቀረበ። ጋሼ ሳሎናቸው ውስጥ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። አክስቴ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"ጋሼ፣ ማሽኑ ነው" አለች።

"ባለፈውም ማሽኑ ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ባለፈው ግማሹ ብቻ ነበር የዳነው።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ አየሽው?"

"እኔ ነኝ ያገኘሁት ጋሼ።"

"ከእንግዲህ ሌላ የተደበቀ የለም ትያለሽ?"

የለም ማለት ነበረብኝ፤ አክስቴም በዓይኗ እንደዚያ በይ እያለችኝ ነበር። ግን ሁለት ጊዜ "ደህና ነው" ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልነበረም። "አላውቅም" አልኩ። "ብፈልግም ያላገኘሁት ሊኖር ይችላል።"

ጋሼ ሻያቸውን ጠጡ። "እንግዲያው ወረቀቷና ስፒሏ ይመለሱ" አሉ። "ኮምፒውተሩም ይጻፍ፣ እኔም ልጻፍ። ሁለታችን ካልተስማማን መቀስ አላነሳም።"

አክስቴ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። አልነኩትም። ሰኞ ግን መጡ፤ በሩን የከፈተችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የመክፈቱ ነገር የአክስቴ ሆነ። ጋሼ ቁልፉን መልሰው ተቀብለው አያውቁም፤ ለምን እንዳልተቀበሉ ማንም አልጠየቃቸውም። መቀሳቸውንም ማታ ማታ ይዘው መሄድ ጀመሩ። አክስቴ ይህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ተጣልተው አያውቁም። አንድ ዓመት ያህል ቆይቼ እኔም የፕሮግራም ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሰው ኮድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ ማን ከማን ጋር ምን እንደሚጋራ እፈልጋለሁ። "ኮፒ" የሚል ቃል ሳይ አላምነውም፤ ውስጡ ያለውም ተገልብጦ እንደሆነ ገብቼ አያለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ሰውን ግን እንደዚያ መርምሬ አላውቅም፤ ሰው ላይ ሲሆን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁና እፈራለሁ።

በአንድ የቤተሰብ ሠርግ ላይ አክስቴ ይህን ታሪክ ለእንግዶች ስታወራ ሰማኋት። ጋሼም ተጋብዘው መጥተው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ድንኳን የሚያክለውን ቀሚስ፣ ጣት የዋጠውን እጅጌ፣ ልጇ ራሱን ይዞ ሲስቅ፣ ሁሉንም እያስመሰለች ታወራለች። "ኮምፒውተር ሊያጣላን ነበር እኮ!" ስትል ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ማን ነው የላከሽ ያለችኝን አልጠቀሰችም። ጋሼን የጠራችበትን ድምፅም አልጠቀሰችም፤ ምናልባት ከነጭራሹ ረስታዋለች። እኔ ወደ ጋሼ አየሁ፤ እሳቸውም ወደ እኔ እያዩ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም። ከዚያ አጠገባቸው የነበረውን የለስላሳ ጠርሙስ ከፍተው ብርጭቆዬን ሞሉልኝና "ጠጪ ልጄ" አሉኝ።